የጠፈር መርከቧን ማን ይንዳት? ሐዋሳ ላይ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ተዋናይ አመራረጥ

በአገራችን ድራማ ዘበኛው ከየት እንደመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ይታወቃል። ሲከፍት ደግሞ ተመልካቹ ይስቃል። ቀልድ ተናግሮ አይደለም። አማርኛው የደቡብ ቅላጼ ስላለው ነው። የቤት ሠራተኛዋም እንደዚያው። ዶክተሩ፣ ኢንጂነሩና ባለሀብቱ ግን ሁሉም ቦሌ ያደጉ ይመስላሉ።

የዛሬን ኑሮ የሚያሳይ ድራማ የሚሠራ ሰው ለዚህ ሰበብ አያጣም። «ምን ላድርግ፣ ያለው እውነታ ነው» ይላል። የጠፈር ድራማ የሚሠራ ሰው ግን ይቺ ሰበብ የለችውም። ከ200 ዓመት በኋላ ያለውን ዓለም የፈጠራችሁት እናንተው ናችሁ። መርከቧን ከብርሃን በላይ ታስፈተልኳታላችሁ፣ ማርስ ላይ ቡና ታበቅላላችሁ። ዘበኛው ላይ ስትደርሱ ብቻ ሐሳብ የሚያልቅባችሁ ለምንድን ነው?

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ የሰርግ ቪዲዮ ነው። ሰርግ በሌለበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ዩቲዩብ ላይ የምንጭነው የጠፈር ተከታታይ ድራማ አለን። ተዋናይ መምረጡ የእኔ ድርሻ ነው። እዚህ የምነግራችሁ እኛ የምንሠራበትን መንገድ ነው። ስቱዲዮም ስፖንሰርም ለሌለው ሰው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን ጻፉ፣ መልኩን ተዉት

ስክሪፕቱ ላይ «ካፒቴን፣ ወንድ፣ 40 ዓመት፣ መልከ መልካም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምርጫው እዚያው አለቀ። ኦዲሽን ብትጠሩም ለወጉ ነው። እኛ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «ካፒቴን። እንቅልፍ አጥቶ መወሰን የለመደ ሰው። ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል።» ይህንን ወንድም ሴትም፣ ወጣትም ሽማግሌም ሊጫወተው ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1979 የወጣው «ኤሊየን» ፊልም ስክሪፕት ላይ የመርከቧ ሠራተኞች ሁሉ በወንድም በሴትም ሊሠሩ እንደሚችሉ ተጽፎ ነበር። ሲጎርኒ ዊቨር ዋናዋን ገጸ ባህሪ ሪፕሊን ሆና የቀረበችው በዚያ ክፍተት ነው።

ይሁን እንጂ ክፍት መተው ብቻውን አይበቃም። ክፍት ቦታ ሲያገኝ የሁላችንም እጅ ወደለመደው ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ተቀመጡና ሁሉንም ሚና በየተራ አንሱ። «ይቺ ሴት ብትሆንስ? ይሄ ሃዲያ ቢሆንስ? ይቺ 60 ዓመት ቢሞላትስ?» በሉ። ታሪኩ የማይፈርስ ከሆነ ለውጡት። ዘጠና በመቶ አይፈርስም። (በመቶኛዋን ከራሴ ነው ያመጣኋት፣ ግን ሞክሩት።)

ወንበር ሰጥታችሁ አፍ አትከልክሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «አንድ ሴት አስገብተናል፣ አንድ ከደቡብ አስገብተናል፣ ጨርሰናል» ይባላል።

«ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ድራማ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው በመስከረም 1966 ነው። የጥቁሮች የመምረጥ መብት ሕግ ከጸደቀ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በመርከቧ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ኒሼል ኒኮልስ ኡሁራን፣ ጆርጅ ታኬይ ደግሞ ሱሉን ሆነው ተቀመጡ። ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግን አግኝታው እንዳትለቅ እንደመከራት ዕድሜዋን ሙሉ ተርካዋለች። ቀረች። በ1977 ደግሞ ለናሳ ጠፈርተኛ ምልመላ መቀስቀስ ጀመረች። በ1978 ከተመረጡት መካከል የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ጠፈርተኛ ሳሊ ራይድና የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ጋይ ብሉፎርድ ነበሩ። በኋላም ሜይ ጀሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። በዓመቱ ራሷ ስታር ትሬክ ላይ በእንግድነት ተጫወተች። አንድ ወንበር ይህን ያህል ርቀት ይወስዳል።

ይህን ታሪክ ሁሉም ይወደዋል። ሌላኛው ግማሹ ግን አይወራም። ኒኮልስ መስመሮቿ እየተቆረጡባት ታማርር ነበር። የኡሁራ አብዛኛው ሥራ የመገናኛ መስመሩ መከፈቱን ማሳወቅ ነበር። የመጀመሪያ ስሟ (ኡሁራ የቤተሰብ ስሟ ነው) በስክሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በ2009 ፊልም ላይ ነው። ካፒቴኑ ሙሉ ስም ነበረው፣ ሐኪሙም ነበረው። እሷ ከ40 ዓመት በላይ ጠበቀች።

ስለዚህ እኛ እስክሪብቶ ይዘን እንቆጥራለን። ስክሪፕቱን አትሙ። ትእዛዝ ወይም ውሳኔ ያለበትን መስመር በቀይ አስምሩ። ጥያቄ ብቻ የሆነውን («ምን ተፈጠረ?»፣ «አሁን ምን እናድርግ?») በሰማያዊ። «እሺ» እና «ገባኝ»ን በእርሳስ። ከዚያ ገጸ ባህሪዎቹን አስተያዩ። ሴቷ ሰማያዊ በሰማያዊ ከሆነች ለይምሰል ነው ያስቀመጣችኋት። ማን ማንን እንደሚያድን፣ ማን መጀመሪያ እንደሚሞትም ተመልከቱ። ስምም ስጡ፣ ከነአባት ስም። «ነርሷ» እና «ቴክኒሻኑ» ተብሎ አይዘለቅም።

ሥልጣን ያለው ወንበር እንዴት እንደሚያመልጥ ደግሞ ከዚያው ተከታታይ እዩ። በመጀመሪያው የሙከራ ክፍል የመርከቧ ሁለተኛ አዛዥ ሴት ነበረች፤ ማጄል ባሬት ነበረች የተጫወተችው። ድጋሚ ሲሠራ ሚናዋ ወጣ። ስሜት የማያሳየው ጠባይዋ ለወንዱ መኮንን ለስፖክ ተላለፈ። ጥቁር መሪ ተዋናይ በኤቨሪ ብሩክስ የመጣው በ1993፣ ሴት ካፒቴን በመሪነት በኬት ማልግሩ የመጣችው ደግሞ በ1995 ነው። «ቀስ እያልን እናስገባለን» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን አስቡለት።

ማስታወቂያው የት ይለጠፍ

ቴሌግራም ላይ ብቻ ከለቀቃችሁ የሚመጡት የጓደኞቻችሁ ጓደኞች ናቸው። ወረቀት አትሙ። አንዱን መናኸሪያ፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲው በር፣ አንዱን አሞራ ገደል ዓሣ ቤቶቹ አጠገብ፣ አንዱን ኢንዱስትሪ ፓርኩ መውጫ ፈረቃ ሲቀየር። በአማርኛና በሲዳምኛ ጻፉት። «ሙሉ ቁመት ፎቶ ላኩ» አትበሉ። ፎቶ ከጠየቃችሁ መልክ መምረጥ ጀመራችሁ ማለት ነው።

ገንዘብ አትቀበሉ። «የመመዝገቢያ» ተብሎ ብር የተቀበሏት፣ ኦዲሽኑም ሳይካሄድ የቀረባት ጓደኛ አለችኝ። ብሩን የበሉት ስልካቸውን ዘጉ። ድሃውን ከበር የሚመልሰው ይሄ ነው።

እኛ ኦዲሽን የምናደርገው ሁዳዴ ላይ ነው። ሰርግ ስለሌለ ካሜራው ነጻ ነው፣ እኔም ነጻ ነኝ። ረመዳን ሲገጥም ከሰዓት በኋላውን ትተን ጠዋት እናደርገዋለን፤ ጾመኛ ሰው ደረቅ ጉሮሮ ይዞ አሥር ሰዓት ላይ መጮህ የለበትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል፣ የፓርክ ልጆች የሚያርፉት ያኔ ነው። አዳራሹ ምድር ላይ ይሁን። ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ገና ሳይጀምር ወደቀ።

ኦዲሽኑ

ለሁሉም አንድ ገጽ ስጡ። የእኛ ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንድ የተበላሸ በር አለ፣ ኦክስጅን እየቀነሰ ነው። ሁሉም ሰው ሁለቱንም ሚና ያነባል። ከዚያ ድምፁን ብቻ ቀድተን ማታ ምስሉን ሳናይ እናዳምጣለን። ብዙ ግምታችን የሚፈርሰው ማታ ነው። በዓይናችን ያደነቅነው ቆንጆ ልጅ በጆሮ ሲሰማ ዜና እያነበበ ይሆናል።

ግን ጆሮም ብቻውን አይበቃም፣ እጅ እዩ። ገጹ ላይ «ቫልቩን ትዘጋለች» የሚል አለ። አብዛኛው ሰው አየሩን እንደ ሃይላንድ ክዳን ጠምዝዞ ያልፋል። ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ እጅጌ የምትሰፋ ልጅ መጣች፣ ከፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቷል። ቫልቩ ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። በሁለት ጣት ያዘችው። ትንሽ አዞረችው። ቆመች። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰች፣ አሁንም ትንሽ አዞረችው። ወረቀቱን ሳታይ መስመሯን ተናገረች። ክፍሉ ውስጥ ቫልቭ የለም፣ ግን ሁላችንም አየነው። ማሽን ላይ የዋለ እጅ ነዋ። ዛሬ የመርከቧ ዋና መሐንዲስ እሷ ናት።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አክሰንቷስ?» አለኝ። «ከ200 ዓመት በኋላ የማን አማርኛ ትክክል እንደሚሆን ማን ነገረህ?» አልኩት። ዝም አለ።

ቋንቋውን ከባጃጅ ውሰዱ

«ዘ ኤክስፓንስ» (ከ2015 እስከ 2022) ላይ የጠፈር ድንጋዮች ላይ ተወልደው ያደጉት ሠራተኞች የራሳቸው ድብልቅ ቋንቋ አላቸው። ኒክ ፋርመር የተባለ የቋንቋ ባለሙያ ነው የፈጠረው። ያማረ ሥራ ነው። እኛ ግን ለማንም መክፈል የለብንም። ከመናኸሪያ አሞራ ገደል ባጃጅ ያዙ። ሹፌሩ በሲዳምኛ ሰላም ይላል፣ ሂሳብ በአማርኛ ይነጋገራል፣ ስልኩ ሲጮህ በወላይትኛ ያነሳል። አንድም ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ይህንኑ መርከቧ ላይ ጫኑት።

ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። አንደኛ፣ የአንዱ ቋንቋ ወይም ቅላጼ ለሌላው መሳቂያ አይሁን። ሰው ይሳቅበት፣ ግን በተናገረው። ሁለተኛ፣ መስመሩን ራሱ ተዋናዩ ይተርጉመው፣ ሌላ ተናጋሪ ደግሞ ይስማው። አስተርጓሚ ቀጥራችሁ በወረቀት ከመጣ አፍ ውስጥ አይገባም። ከታች ሁሌም የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡ፤ አማርኛ በሚነገርበትም ቦታ ጭምር። መስማት የተሳናቸውም ያያሉ።

አያንቶው

ሐዋሳ ላይ የጠፈር ድራማ እየሠራ አያንቶን ያላሰበ ሰው ካለ ይገርመኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። በየዓመቱ ጉዱማሌ ሐይቁ ዳር ሕዝብ ሲወርድ አይታችኋል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው፣ የከዋክብትን አካሄድ እያዩ። መርከባችሁ ውስጥ አቅጣጫ የሚመራ ሰው ትፈልጋላችሁ አይደል? ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ወጥመዱ ግን ቅርብ ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ገጸ ባህሪ ነጭ ጺም ያለው፣ በተረት ብቻ የሚናገር ሽማግሌ ሆኖ ይጻፋል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ይሞትና ወጣቱ ጀግና ያለቅስበታል። ይሄ ጌጥ ነው፣ ሰው አይደለም።

«ስታር ትሬክ ቮየጀር» ላይ ቻኮቴ የተባለው የቀደምት አሜሪካውያን ተወላጅ መኮንን ሲጻፍ አማካሪ ተቀጥሮ ነበር፣ ጃማኬ ሃይዋተር የሚባል። ራሱን የቼሮኪ ተወላጅ አድርጎ ያቀርብ የነበረ ጸሐፊ ነው። ይህ ሐሰት መሆኑ ግን ተከታታዩ ከመጀመሩ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ቻኮቴም ከየቦታው የተቃረመ፣ የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ሆነ። ሆሊውድ ያን ሁሉ ብር ይዞ የሚጠይቀው ሰው አጣ። እኛ ግን ባለቤቱ ጎረቤታችን ነው።

እንዴት ትጠይቃላችሁ? ጥያቄ ጽፋችሁ አትሂዱ፣ ትዕይንቱን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። አበል ክፈሉ፣ ጊዜያቸውን ነው የምትወስዱት። «ምን ማሳየት የለብንም?» ብላችሁም ጠይቁ። እኛ ለአንድ አባት ስናነብ፣ መርከብ መሪው ዓይኑን ጨፍኖ መንገዱን «የሚያይበት» ትዕይንት ነበር፤ ጸሐፊያችን በጣም የሚወደው። አባባ እስኪጨርስ ታገሱት። ከዚያ ሳቁና «ልጄ፣ ኮከብ የሚያይ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል እንዴ?» አሉት። ማየት ማለት ሌሊት ብርድ ላይ መቆም፣ ከትናንትናው ጋር ማስተያየት፣ ከሌላው አያንቶ ጋር መከራከር እንደሆነ አስረዱን። አሁን የእኛ መሪ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጨቃጨቅ፣ አንዳንዴም የሚሸነፍ፣ ቡና ካልጠጣ የማይናገር ሰው ነው። አልሞተም፣ እንዲሞትም አልፈቅድም።

አካል ጉዳት፣ ቱታ፣ መብራት

በ1987 የጀመረው የስታር ትሬክ ተከታታይ ላይ ጆርዲ ላ ፎርጅ ዓይነ ስውር ነው፣ በኋላም የመርከቧ ዋና መሐንዲስ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። የተጫወተው ሌቫር በርተን ግን ያያል። ይባስ ብሎ ዓይኑ ላይ የሚያጠልቀው መሣሪያ እይታውን ይጋርድበት ነበር። ከእኛው አገር ደግሞ እዚሁ በተቀረጸው «ክረምብስ» (2015) ፊልም ላይ ዳንኤል ታደሰን እዩ። የተለመደው የመሪ ተዋናይ ቁመና የለውም። ታሪኩን ከዳር ዳር የሚሸከመው ግን እሱ ነው፣ ያፈቅራል፣ ይጓዛል፣ ይፈራል። ማንም ከንፈር እንዲመጥለት አልተጻፈም።

አንድ ሐሳብ በነጻ ልስጣችሁ። ጠፈር ላይ ድምፅ አይሄድም። ሬዲዮ ሲበላሽ ከመርከብ ውጪ ያሉ ሰዎች በምን ይግባባሉ? በምልክት ቋንቋ! መስማት የተሳነው መኮንን ያኔ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ሰው ይሆናል። ሚናውን ግን በሁለት ሳምንት ምልክት ለተማረ ሰሚ አትስጡ። የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ የሚኖርበት ሰው ፈልጉ። የቀረጻ ቀን አስተርጓሚም አብሮ ይመደብ።

ቱታውን ተዋናይ ከተመረጠ በኋላ አሰፉ። ቀድሞ የተሰፋ ቱታ ራሱ ተዋናይ ይመርጣል፣ ሁሌም ቀጭኗን ነው። ሄልሜቱ ሹሩባም ሂጃብም የሚያስገባ ይሁን። ሜካፕ ስትገዙ ለጠቆረ ቆዳ የሚሆነውን ለይታችሁ ያዙ፤ አንድ ቀለም ለሁሉም ከተቀባ ግማሹ ሰው አመድ ይመስላል። የካሜራውን ብርሃን ከጀርባ ባለው ነጭ ግድግዳ ሳይሆን በፊታቸው ለኩ። ነጭ አንሶላ ከጎን ወጥራችሁ ብርሃኑን መልሱ። ጠቆር ያለውንና ቀላ ያለውን ሙሽራ አንድ ፍሬም ላይ ለዓመታት ሳስተካክል ስለኖርኩ ይሄ አይከብድም ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከሌላ ፕላኔት የመጣው ክፉ ፍጡርስ? የስታር ትሬክ ጠላቶች የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ክሊንጎኖች በ1967 ሲመጡ የተዋናዮቹ ፊት በሜካፕ ጠቁሮ ነበር። እናንተ አረንጓዴ ቀቡ። ቅላጼ አበድራችሁ ጠላት አትፍጠሩ።

ካሜራውን የያዘው ማነው?

«ዶክተር ሁ» በ1963 ቢቢሲ ላይ ሲጀምር ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት የምትባል ሴት ነበረች፣ የመጀመሪያው ታሪክ አዘጋጅ ደግሞ ሕንድ የተወለደው ዋሪስ ሁሴን። ዶክተሩ መልኩን እየቀየረ ድጋሚ የሚወለድ ገጸ ባህሪ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጆዲ ዊታከር ሚናውን የተረከበችው በ2017 መጨረሻ ነው። ሩዋንዳ የተወለደው ሹቲ ጋትዋ ደግሞ በ2023። ስለዚህ ሴት ፕሮዲዩሰር ካለች ሁሉም በራሱ ይስተካከላል አትበሉ። ግን ጀምሩበት። መራጮቹ ሦስት ከሆናችሁ ሦስታችሁም አንድ ሰፈር ያደጋችሁ አትሁኑ።

ስፖንሰር ስታነጋግሩ «ታዋቂ ፊት የለም?» መባሉ አይቀርም። «ፖለቲካ ነው እንዴ?» የሚልም አለ። አትከራከሩ። ስልካችሁን አውጡና የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አሳዩ። እኛ የቫልቩን ነው የምናሳየው።

የመጨረሻው ሥራ ስልክ ነው። የተመረጡትንም ያልተመረጡትንም ደውላችሁ ንገሯቸው፣ በቴክስት አይሆንም። ለፓርክ ልጆች ከፈረቃ ሰዓታቸው ውጪ ደውሉ፣ መስመር ላይ ስልክ አይነሳም። የሁሉንም ስም፣ የሚናገሩትን ቋንቋና የሚያርፉበትን ቀን በደብተር ያዙ። ካሳ የሚሆን ሚና ለማንም ቃል አትግቡ። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ፤ እኛ ሐኪማችንን ያገኘነው ከዚያ ነው።